የኤሌክትሪክ ሥራ ፈቃድ ለምን ይወደዳል? የምንከፍለውስ ለደኅንነት ነው?

ቤቱን ለማደስ ኤሌክትሪሻን የሚያነጋግር ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ዋጋ ይነገረዋል። አንዱ "በፈቃድ" ነው፤ ሌላው "ያለ ፈቃድ"። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ሽቦው ያው ነው፤ ሶኬቱ ያው ነው፤ የሚሠራው ሰው ራሱ አንዳንዴ ያው ነው። ታዲያ ተጨማሪው ብር የት ይገባል?

ማዘጋጃ ቤቶች የክፍያ ተመን ባሻሻሉ ቁጥር ይህ ጥያቄ ይነሳል። ተቋራጩ "በክፍያ ብዛት ልንዘጋ ነው" ይላል። ባለቤቱ "ለአንድ ሶኬት ይሄ ሁሉ ወረቀት?" ብሎ ይገረማል። የከተማው አስተዳደር የእሳት አደጋን እያነሳ ይመልሳል። ሦስቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው። ግን የሚያወሩት ስለ አንድ ዓይነት ፈቃድ አይደለም። ክርክሩ መቋጫ የሚያጣውም በአብዛኛው ለዚህ ነው።

ሦስት ወረቀቶች ይምታታሉ

የመጀመሪያው የሙያ ፈቃድ ነው። የሚሰጠው ለሰው ነው። ይህ ሰው ተምሯል፣ በባለሙያ ሥር ሆኖ ሠርቷል፣ ፈተና አልፏል የሚል ማረጋገጫ ነው። በብዙ አገሮች ደረጃዎች አሉት። ከተለማማጅ ይጀምራል፤ ቀጥሎ ራሱን ችሎ የሚሠራ ባለሙያ አለ፤ ከዚያ በላይ ሌሎችን የሚመራና ለሥራው ኃላፊነት የሚፈርም ዋና ባለሙያ አለ። መንገዱ ረጅም ነው። ለምሳሌ በአሜሪካዋ ቴክሳስ ግዛት ለመካከለኛው ደረጃ 8,000 ሰዓት፣ ለዋና ባለሙያነት 12,000 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠየቃል። በሳምንት 40 ሰዓት ለሚሠራ ሰው 8,000 ሰዓት አራት ዓመት ገደማ ይወስዳል።

ሁለተኛው የተቋራጭነት ፈቃድ ነው። የሚሰጠው ለድርጅት ነው። ከደንበኛ ጋር ውል መዋዋል፣ ሠራተኛ መቅጠርና ሥራ መረከብ የሚያስችለው ይህ ነው። እዚህ ላይ የሚጠየቀው የእጅ ሙያ ብቻ አይደለም። የኃላፊነት ኢንሹራንስ፣ ዋስትና፣ የግብር ምዝገባ፣ እንዲሁም ለድርጅቱ የሚፈርም ዋና ባለሙያ ይፈለጋል። በጣም ጎበዝ ኤሌክትሪሻን ሆኖ ተቋራጭ ያልሆነ ሰው ሞልቷል። ሽቦ በእጁ ነክቶ የማያውቅ፣ ባለሙያ ቀጥሮ የሚያሠራ ተቋራጭም አለ።

ሦስተኛው ለእያንዳንዱ ሥራ የሚወጣ ፈቃድ ነው። የሥራ ፈቃድ እንበለው። ለአንድ አድራሻ፣ ለአንድ የተወሰነ ሥራ ብቻ ያገለግላል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይወጣል፤ ተቆጣጣሪ መጥቶ አይቶ ሲያጸድቀው ይዘጋል። ሕንፃው ሲሸጥ ወይም አደጋ ሲደርስ የሚፈለገው መዝገብ ይህ ነው።

ባለቤቱን የሚያናድደው ብዙ ጊዜ ሦስተኛው ነው፤ ምክንያቱም ከኪሱ ሲወጣ የሚያየው እሱን ነው። ተቋራጩን የሚያጎብጡት ግን በዋናነት ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። የቤቱን ሰው ደኅንነት በቀጥታ የሚነካው ደግሞ ያው ሦስተኛው ነው። ይህን ሳይለዩ "ክፍያው ይቀነስ" ወይም "ቁጥጥሩ ይጥበቅ" ማለት ዋጋ ያስከፍላል። ማስታገሻ ያልፈለገው ቦታ ይታከምና የታመመው ይቀራል።

ከልስኑ ጀርባ ያለው

ቧንቧ በደንብ ካልተገጠመ ያፈሳል፤ ይታያል። በደንብ ያልጠበቀ የሽቦ መጋጠሚያ ግን አምፖል ያበራል፣ ፍሪጅ ያሠራል፣ ለዓመታት ድምፁን አያሰማም። ደንበኛው የሥራውን ጥራት በዓይኑ መመዘን አይችልም። ፈቃድና ቁጥጥር የመጣው በመሠረቱ ከዚህ ችግር ነው።

አንድ ጉዳይ ቀረብ ብለን እንይ። ለሶኬት መስመር የተለመደው የመዳብ ሽቦ 2.5 ስኩዌር ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ነው። የሚጠብቀው ብሬከር ብዙ ጊዜ 16 ወይም 20 አምፔር ነው። የቤቱ ሰዎች ምድጃ፣ የውሃ ማሞቂያና ካውያ በዚሁ አንድ መስመር ላይ ይሰካሉ። ብሬከሩ ይወርዳል። ያነሱታል፤ ደግሞ ይወርዳል። የተጠራው ሰው ሽቦውን ሳይነካ ባለ 40 አምፔር ብሬከር ይገጥምና ይሄዳል። መውረዱ ይቆማል። ሥራው ተሳካ ተብሎ ይከፈለዋል።

አሁን ግን ሽቦው ከአቅሙ በላይ ሲሸከም የሚያቋርጠው የለም። ሙቀቱ ደግሞ ከከረንቱ ጋር እኩል አይደለም የሚጨምረው። ከረንቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ሽቦውን የሚሸፍነው የተለመደው የፒቪሲ (ፕላስቲክ) ልባስ የተሠራው እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲችል ነው። ከዚያ በላይ እየሞቀ ከቆየ ይደርቃል፤ ይሰነጠቃል። ይሄ ሁሉ የሚሆነው ግድግዳ ውስጥ ነው። የሚሸት ነገር ከመጣ በኋላ ጊዜው አልፏል።

ቁጥጥሩ በሁለት ዙር እንዲሆን የተደረገውም በዚሁ ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ዙር ኮንዲዩቱ (ሽቦው የሚያልፍበት ቱቦ) እና ሽቦው ተዘርግቶ፣ ልስን ሳይመታ ነው። የሽቦው ውፍረት፣ የመጋጠሚያ ሳጥኖቹ ቦታና የምድር ሽቦው በዓይን ይታያሉ። ሁለተኛው ዙር ሥራው ሲያልቅ ነው፤ እዚህ ላይ ዓይን ብቻ አይበቃም። በመሣሪያ 500 ቮልት ወደ መስመሩ ይለቀቅና ልባሱ ከረንት የሚያሾልክ መሆን አለመሆኑ ይለካል። በዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን (አይኢሲ) ደረጃ ለተለመደው የቤት መስመር የልባሱ መቋቋም ከ1 ሜጋኦም (ከአንድ ሚሊዮን ኦም) ማነስ የለበትም። ከመስመር ወጥቶ በሰው አካል ወይም ወደ መሬት የሚሄድ ከረንትን የሚያቋርጠው መከላከያም ይሞከራል። ሰውን ለመጠበቅ የሚገጠመው ባለ 30 ሚሊአምፔሩ ነው። ይህን ያህል ከረንት ሲያልፍ ከ300 ሚሊሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ መቁረጥ አለበት።

እነዚህ ቁጥሮች ከቢሮክራሲ የተወለዱ አይደሉም። የአሜሪካ ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ደንብ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። ዛሬም በየሦስት ዓመቱ ይሻሻላል። አይኢሲ የተመሠረተው በ1906 ለንደን ውስጥ ነው። ደንቦቹ የተከማቹት ከአንድ ክፍለ ዘመን በላይ በደረሰ ቃጠሎና ሞት ላይ ተመሥርተው ነው።

ወጪው ሲዘረዘር

የሥራ ፈቃድ ክፍያ የሚሰላው በተለያየ መንገድ ነው። አንዳንዱ ከተማ ቁርጥ ዋጋ ያስከፍላል። አንዳንዱ በመስመርና በመውጫ ብዛት፣ ሌላው በሥራው ጠቅላላ ዋጋ ላይ በመቶኛ ያሰላል። ሥራው ትልቅ ከሆነ ዲዛይኑን ለመመርመር ለብቻው ይከፈላል። ተቆጣጣሪው ጉድለት አግኝቶ ተመልሶ መምጣት ካለበትም ሌላ ክፍያ አለ።

ከዚህ ጀርባ በዓመት የሚከፈሉ ወጪዎች አሉ። የሙያና የተቋራጭነት ፈቃድ ማደሻ፣ የማደሻ ሥልጠና፣ ኢንሹራንስ፣ እንዲሁም ዋስትና። ዋስትና ሲባል ተቋራጩ ውሉን አፍርሶ ቢጠፋ ወይም ጉዳት አድርሶ ቢሸሽ ለደንበኛው ወይም ለከተማው የሚከፍል ሦስተኛ ወገን ማቅረብ ነው። ከኢንሹራንስ ይለያል። የዋስትና ድርጅቱ የከፈለውን ኋላ ከተቋራጩ ይጠይቃል።

እነዚህ የዓመት ወጪዎች ሥራ ቢኖርም ባይኖርም ይከፈላሉ። ለማስረዳት ያህል ሁለት ተቋራጮችን እንውሰድ። ሁለቱም ለፈቃድና ለኢንሹራንስ በዓመት 100,000 ብር ይከፍላሉ እንበል። አንዱ በዓመት 200 ሥራ ይሠራል፤ ለአንዱ ሥራ 500 ብር ይደርሰዋል። ሌላው 20 ሥራ ነው ያለው፤ ለእሱ ለአንዱ 5,000 ብር ይሆናል። ሕጉ ለሁለቱም እኩል ነው። ሸክሙ ግን አሥር እጥፍ ይለያያል። ትንሹ ተቋራጭ ዋጋ ሲያስወድድ ስግብግብ ሆኖ ላይሆን ይችላል።

በደረሰኝ የማይታየው ወጪ ግን ከሁሉ ይከብዳል፤ ጊዜ ነው። ሽቦው ተዘርግቶ ተቆጣጣሪ እስኪመጣ ልሳኝ መግባት አይችልም። ልሳኙ ካልገባ ቀቢው አይገባም። ተቆጣጣሪው "ማክሰኞ ከሰዓት በፊት" ተብሎ ሐሙስ ቢመጣ፣ ሁለት ባለሙያዎች ያለ ሥራ ደመወዝ በልተዋል፤ ባለቤቱ ለተጨማሪ ቀናት ኪራይ ከፍሏል። ይህ ኪሳራ ከፈቃዱ ክፍያ ራሱ ሊበልጥ ይችላል። ማዘጋጃ ቤቱ ክፍያውን በግማሽ ቢቀንስ እንኳ መዘግየቱ ካልቀረ የ"በፈቃድ" ዋጋ እምብዛም አይወርድም። በክፍያ ተመን ላይ ብቻ የሚደረገው ክርክር ይህን ስለሚያልፈው የሚያሳዝን ነው።

መካከለኛ ከተማ ለምን ይቸግረዋል

ትልቅ ከተማ ለኤሌክትሪክ ብቻ የተመደበ የቁጥጥር ክፍል ማቋቋም ይችላል። ማመልከቻ በኢንተርኔት ይቀበላል፤ ተቆጣጣሪ ቢታመም ሌላ ይልካል። በጣም ትንሽ ከተማ ደግሞ ሁሉም ይተዋወቃል፤ ኃይል አቅራቢው ራሱ አይቶ ቆጣሪ ያስገባል። መካከለኛው ከተማ የትልቁን ሕግ በትንሹ አቅም ማስፈጸም ይጠበቅበታል። ሪል ስቴቱ፣ ፋብሪካው፣ ሆቴሉ እየበዛ ነው። ተቆጣጣሪዎቹ ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አንዳንድ ቦታ አንድ ሰው የኤሌክትሪኩንም፣ የቧንቧውንም፣ የግንባታውንም ይቆጣጠራል። አንድ ሰው ለዓመት እረፍት ሲወጣ የከተማው ግንባታ ይንቀራፈፋል።

ሌላው ጣጣ የወሰን ነው። በመካከለኛ ከተማ ያለ ሥራ ብቻውን ተቋራጭን ላያኖር ይችላል፤ ስለዚህ ወደ አጎራባች ከተሞች ይወጣል። እያንዳንዱ ከተማ የራሱን ፈቃድ ከጠየቀ አንድ ሰው ለአንድ ሙያ ሦስት ጊዜ ይመዘገባል። ቴክሳስ ለረጅም ጊዜ እንዲህ ነበረች። ፈቃድ የሚሰጡት ከተሞች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2004 በግዛት ደረጃ አንድ ፈቃድ ሥራ ላይ ዋለ፤ የሥራ ፈቃድና ቁጥጥሩ ግን ከከተሞቹ አልወጣም። ኢሊኖይና ፔንሲልቬንያ ውስጥ አሁንም ለኤሌክትሪሻን በግዛት ደረጃ የሚሰጥ አጠቃላይ ፈቃድ የለም፤ ጉዳዩ የየከተማው ነው። የቴክሳሱ አካሄድ የተሻለ ይመስለኛል። ዕውቀት የከተማ ወሰን ሲሻገር አይቀንስም። ግድግዳ ማየት ግን ከአካባቢው ውጪ ሆኖ አይሆንም።

ሦስተኛው የሁለት ቢሮዎች ነገር ነው። ሥራውን የሚያጸድቀው ማዘጋጃ ቤት ነው፤ ኃይል የሚያገናኘው ሌላ ተቋም። ሁለቱ ካልተነጋገሩ ባለቤቱ አንዱን ፋይል ይዞ ሁለት ቦታ ይሰለፋል። አንዱ "መጀመሪያ ከዚያ አምጣ" ይለዋል፤ ያኛውም እንዲሁ።

ማጥበቅ ደኅንነት ያመጣል?

የደኅንነት ባለሙያዎች መልስ ግልጽ ነው። ያልተማረ እጅ ሽቦ እንዳይነካ መከልከል አለበት። ደንበኛው መመዘን ስለማይችል መንግሥት ይመዝንለት። ይህ ጠንካራ ነጥብ ነው።

በርካታ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ደግሞ ይጠራጠራሉ። እ.ኤ.አ. በ1981 ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት እስካሁን ይጠቀሳል። የፈቃድ ገደብ ጥብቅ በሆነባቸውና ኤሌክትሪሻን ባነሰባቸው ግዛቶች በኮረንቲ የሚሞተው ሰው ይበዛል የሚል ነበር። ያቀረቡት ምክንያት ቀላል ነው። ባለሙያ ሲወደድና ሲጠፋ ሰው ራሱ ይነካካል። ከ1992 እስከ 2007 ያለውን ጊዜ የተመለከተ ሌላ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ የፈቃድ ሕግ የኤሌክትሪሻኖችን ገቢ ከፍ እንደሚያደርግ፣ በሥራ ላይ በሚደርስባቸው ጉዳትና ሞት ላይ ግን ለውጡ ውስን እንደሆነ አሳይቷል።

እነዚህን ጥናቶች ይዞ "ፈቃድ ይቅር" ማለት ስህተት ነው። ግዛቶች በሌላም ብዙ ነገር ይለያያሉ፤ አብሮ መከሰት ምክንያት ሆኗል ማለት አይደለም። የሁለተኛው ጥናት ትኩረትም የሠራተኛው ጉዳት እንጂ ከዓመታት በኋላ የሚነሳው ቃጠሎ አልነበረም። ግን አንድ ነገር በደንብ ይጠቁማሉ። የመግቢያው በር በጠበበ መጠን ከበሩ ውጪ የሚሠራው ይበዛል። በፈቃድ የሚሠራው ሥራ በጣም ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ከከተማው ሥራ ግማሹ ያለ ፈቃድ የሚሠራ ከሆነ ግን ከተማው ደኅና ነው አይባልም።

አገሮች ይህን ሚዛን በተለያየ መንገድ ፈትሸዋል። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2004 ለ53 የዕደ ጥበብ ሙያዎች የዋና ባለሙያ ግዴታን ስታነሳ ኤሌክትሪክን አልነካችም፤ አደገኛ ነው በሚል። በ2020 ደግሞ ከተነሱት 12ቱን መልሳ ግዴታ ውስጥ አስገባች። እንግሊዝና ዌልስ ከ2005 ጀምሮ የተከተሉት መንገድ የተለየ ነው። የተመዘገበ ባለሙያ የሠራውን ራሱ ፈትሾ ያረጋግጣል፤ በየጊዜው ናሙና ሥራዎቹ ይመረመሩበታል። ያልተመዘገበ ሰው ግን ከሥራው በፊት ማሳወቅና ማስፈተሽ አለበት። ኒው ዚላንድ የቤት ባለቤት ለራሱ ቤት የተወሰነ የሽቦ ሥራ እንዲሠራ ትፈቅዳለች፤ ኃይል የሚለቀቀው ግን ተቆጣጣሪ ፈትሾ ሲያረጋግጥ ነው። ጎረቤቷ አውስትራሊያ ውስጥ ይህ የተከለከለ ነው።

ከእነዚህ መካከል የኒው ዚላንዱ ምሳሌ ብዙ ያስተምራል። ማን ሠራው ከሚለው ይልቅ ምን ተሠራ የሚለውን ትጠይቃለች። ቁጥጥሩ የሚሠራ ከሆነ መግቢያውን ትንሽ ማላላት ይቻላል። ቁጥጥሩ የማይሠራ ከሆነ ግን መግቢያውን ማጥበቅ ብቻውን ብዙም አያድንም።

ቁጥጥር ሲላላ ፈቃድ ይከራያል

ተቆጣጣሪ በማይመጣበት ወይም መጥቶ ሳያይ በሚፈርምበት ቦታ ፈቃድ ሌላ ነገር ይሆናል። ዋና ባለሙያው በዓመት የተወሰነ ገንዘብ እየተቀበለ ስሙን ለድርጅት ያውሳል። ሳይቱን አይረግጥም። የሚሠራው ልጅ ተለማማጅ ነው፤ የሚመራው የለም። ደንበኛው "ፈቃድ አላቸው" ብሎ ተማምኗል። በሕጋዊ መንገድ የሚሠራው ተቋራጭ ደግሞ ከዚህ ድርጅት ጋር በጨረታ ይፎካከራል፤ በዋጋ ይሸነፋል።

ለዚህ የተለመደው ምላሽ መስፈርት መጨመር ነው። ተጨማሪ ወረቀት፣ ተጨማሪ ማኅተም። ውጤቱ ግን የኪራዩን ዋጋ ከፍ ማድረግ ብቻ ይሆናል፤ ፈቃዱ ይበልጥ ብርቅ ሆኗልና። የሚሠራው መፍትሔ የፈራሚውን ስም ከእያንዳንዱ ሥራ ፈቃድ ጋር ማያያዝ ነው። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ስንት ሳይት ላይ ፈርሟል የሚለው በቀላሉ ይታያል። በአንድ ሳምንት በ30 ሳይት የፈረመ ሰው ሁሉንም አላየም። ይህን ለማወቅ ውድ ሶፍትዌር አያስፈልግም፤ በአግባቡ የተያዘ መዝገብ ይበቃል።

የክፍያው ገንዘብ የት እንደሚገባም መታየት አለበት። የሥራ ፈቃድ ክፍያ ወደ ከተማው አጠቃላይ ካዝና ገብቶ ለሌላ ጉዳይ ከዋለ፣ ተቋራጩ የከፈለው ለአገልግሎት ሳይሆን ግብር ነው። ለተቆጣጣሪ ደመወዝ፣ ለመለኪያ መሣሪያና ለትራንስፖርት ከዋለ ግን ክፍያው ቢጨምር እንኳ ጠቅላላ ወጪው ሊወርድ ይችላል፤ መጠበቅ ይቀንሳልና።

ጫናው ገና ይጨምራል

ቤቶች የሚፈልጉት ኃይል እየተለወጠ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጀር ለሰዓታት ሳያቋርጥ ብዙ ከረንት ይስባል። ባለ 7 ኪሎዋት ቻርጀር በ230 ቮልት 30 አምፔር ገደማ ይወስዳል፤ ያውም ሌሊቱን ሙሉ። የጣሪያ ሶላርና ባትሪ ደግሞ ኃይል ከሁለት አቅጣጫ እንዲመጣ ያደርጋሉ። ዋናውን ብሬከር ያወረደ ሰው መስመሩ ሞቷል ብሎ ሲነካ ከባትሪው በኩል የሚመጣ ከረንት ሊያገኘው ይችላል። እነዚህ ሥራዎች የፈቃድ ማመልከቻውን ያበዛሉ፤ ተጨማሪ ዕውቀትም ይጠይቃሉ። የዛሬ 15 ዓመት ፈተና ያለፈ ሰው እነሱን አልተፈተነም። የማደሻ ሥልጠና የሚያስፈልገው ለዚህ እንጂ ሰርተፍኬት ለመሰብሰብ አይደለም።

አቅሙ ውስን የሆነ ከተማ ሁሉንም ሥራ እኩል ልቆጣጠር ካለ ምንም አይቆጣጠርም። ሶኬት በሶኬት መተካት፣ አምፖል መያዣ መቀየር ያለ ፈቃድ ይሠራ። አዲስ መስመር መዘርጋት፣ የማከፋፈያ ሳጥን መቀየር፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ መሥራት፣ ሶላርና ቻርጀር ግን የግድ ይታዩ። ጥሩ ታሪክ ላለው ተቋራጭ የመጀመሪያውን ዙር በፎቶና በቪዲዮ መቀበል ይቻላል፤ የመጨረሻው ልኬት ግን በቦታው ይሁን። ተቃዋሚዎች ፎቶ ይጭበረበራል ይላሉ። እውነት ነው፤ ስለዚህ ድንገተኛ ጉብኝት አብሮ መኖር አለበት።

እስካሁን የተለሰነውስ?

ከሁሉ የሚያስቸግረው ያለ ፈቃድ ተሠርቶ ያለቀው ነው። ባለቤቱ ልመዝገብ ብሎ ሲሄድ ቅጣት ይጠብቀዋል፤ ስለዚህ አይሄድም። ቤቱን ሲሸጥ ወይም ኢንሹራንስ ካሳ ሲጠይቅ ነው ነገሩ የሚወጣው። አንዳንድ የኢንሹራንስ ውሎች ያልተፈቀደ ሥራ ያስከተለውን ጉዳት አይሸፍኑም፤ ውሉን ሳያነቡ መፈረም እዚህ ላይ ይጎዳል።

ግድግዳ ሳይፈርስ ብዙ ነገር መለካት ይቻላል። የልባሱን መቋቋም፣ የምድር ሽቦውን ቀጣይነት፣ የመከላከያውን ፍጥነት መሣሪያ ይናገራል። ማከፋፈያ ሳጥኑን ከፍቶ የሽቦውን ውፍረት ከብሬከሩ ጋር ማስተያየትም ይቻላል፤ ያ ባለ 40 አምፔር ብሬከር በዚህ ይያዛል። የማይታየው በልስን ውስጥ የተደበቀ መጋጠሚያ ነው። ከተሞች ለተወሰነ ጊዜ ያለ ቅጣት ማስመዝገቢያ ቢከፍቱና ባለቤቱን ለልኬቱ ብቻ ቢያስከፍሉ፣ ብዙው ሰው ይመጣል። ተቋራጮች ይህን አይወዱትም፤ ሕግ አክብሮ የከፈለው ተሞኘ ይላሉ። ቅሬታቸው ተገቢ ነው። ምሕረቱ ለቤት ባለቤቱ ብቻ ሆኖ፣ ያለ ፈቃድ እየሠራ የኖረው ድርጅት ተጠያቂነቱ ካልተነሳ ግን ቅሬታቸው ይቀልላል።